ሁለት መስመር ያለው ሰርቨር በየት በኩል ይመልሳል?

ባንክ፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ወይም ትራንስፖርት ቢሮ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ከተሜ ማግኘት ይከብዳል። ባለጉዳዩም ሠራተኛውም ወዲያው የሚያማው መስመሩን ነው። ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም፤ ቁፋሮ ፋይበር ይቆርጣል፣ መብራት ይጠፋል። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቱ ሁለት መስመር ኖሮት፣ ሁለቱም ደህና ሆነው ሳሉ አገልግሎቱ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ችግሩን መፈለግ የሚገባው ሰርቨሩ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ረድፍ በማትበልጥ አንዲት ሠንጠረዥ ላይ ነው። ባለሙያዎች ራውቲንግ ቴብል ይሏታል። እሷን ማንበብ የለመደ ሰው የግማሽ ቀን ድካም በደቂቃዎች ይገላገላል፤ ያልለመደው ሰርቨሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ያጠፋል።

ሠንጠረዧ ምን ትላለች?

አዳማን ለሚያውቅ ሰው ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነው። ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ አሰላ ያደርሳል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው በመተሐራ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ድሬዳዋም ወደ ጅቡቲም ያስኬዳል። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሞጆ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቢሾፍቱና አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ባቱና ሻሸመኔ። ከአዳማ የሚነሣ ሹፌር የሻሸመኔን መንገድ ከነመታጠፊያው በቃሉ መያዝ የለበትም። «ለአሰላ በዚህ፣ ለአዋሽ በዚያ፣ ለቀረው ሁሉ ወደ ሞጆ» የሚል ካወቀ በቂው ነው፤ ሞጆ ሲደርስ የዚያው ምልክት ይቀበለዋል።

ራውቲንግ ቴብልም የምትናገረው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ነገር ይዟል፦ የመድረሻ አድራሻዎች ክልል፣ ፓኬት የሚባለው የመረጃ ጥቅል የሚወጣበት ኔትወርክ ካርድ፣ ካለም ቀጥሎ የሚቀበለው ራውተር። «ለቀረው ሁሉ» የሚለው ረድፍ ዲፎልት ራውት ይባላል፤ በዚያ ረድፍ የተጻፈው ራውተር ደግሞ ዲፎልት ጌትዌይ ነው። ሰርቨሩ የዓለምን መንገድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀጣዩን ብቻ ነው።

ሁለት ረድፎች ለአንድ መድረሻ የሚስማሙ ከሆነ ጠበብ ያለው ያሸንፋል። አንዱ ረድፍ 10.0.0.0/8፣ ሌላው 10.5.7.0/24 ቢል፣ ወደ 10.5.7.20 የሚሄድ ፓኬት ሁለተኛውን ይከተላል፤ የመጀመሪያው ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎችን ሲሸፍን ሁለተኛው የሚሸፍነው 256 ብቻ ነውና። በስፋት እኩል ከሆኑ ሜትሪክ የሚባለው ቁጥር ይዳኛል፤ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል።

ሁለተኛው መስመር ሲገባ

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ ክፍት ከሆነበት ከ1997 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ ለረጅም ጊዜ መስመር ማለት የአንድ ድርጅት መስመር ማለት ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 በአሁኑ ስሙ ሲቋቋምም ገበያው የአንድ አቅራቢ እንደሆነ ቀጠለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 አገልግሎት ሲጀምር ግን አንድ ሱቅ ወይም ሆቴል ከሁለት ድርጅት መስመር ማስገባት ቻለ። አንዱ በፋይበር፣ ሌላው በአራተኛው ትውልድ ራውተር ይመጣል፤ ሁለቱም አንድ ሰርቨር ጀርባ ላይ ይሰካሉ።

ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ሁለትነት ቀድሞም ያውቃሉ። የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ዩኒቨርሲቲዎችን እርስ በርስ እንዲያገናኝ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የተዘረጋ ነው። በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተውን፣ ከ2011 ጀምሮ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ዓይነት ተቋም እናስብ። በመርህ ደረጃ ወደ አቻ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ፓኬት በትምህርት ኔትወርኩ፣ የቀረው በንግድ መስመር መውጣት ይችላል። ጠበብ ያለው ረድፍ ያሸንፋል የሚለው ሕግ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ሁለተኛ መስመር የሚገባው አንዱ ሲቋረጥ ሌላው እንዲሠራ ነው። ችግሩም አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱም መስመሮች ለሰርቨሩ የየራሳቸውን ጌትዌይ ይሰጡታል፣ ሠንጠረዧ ግን «ለቀረው ሁሉ» ለሚለው በአንድ ጊዜ የምትከተለው አንዱን ነው።

ከውስጥ ይሠራል፣ ከአሰላ አይከፈትም

አዳማ ላይ ዋና መሥሪያ ቤት፣ አሰላና ባቱ ላይ ቅርንጫፍ ያለው አንድ አከፋፋይ ድርጅት እንውሰድ። የሽያጭ ሲስተሙ ያለበት ሰርቨር ሦስት ኔትወርክ ካርድ አለው። የመጀመሪያው ለግቢው ኮምፒውተሮች ሲሆን አድራሻው 192.168.1.10 ነው። ሁለተኛው በፋይበሩ 203.0.113.10፣ ሦስተኛው በሁለተኛው አቅራቢ 198.51.100.10 ይባላል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ለማስተማሪያ ከተለዩ ክልሎች የተወሰዱ ናቸው። ዲፎልት ራውቱ በፋይበሩ ነው።

አሰላ ያለው ቅርንጫፍ በሁለተኛው አቅራቢ አድራሻ እንዲገባ ታዘዘ። አልከፈተለትም። አዳማ ያለው ባለሙያ ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ ማንኛውንም ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ ይሠራሉ፣ የሁለቱም ካርዶች መብራት ይበራል። አንድ ነገር ግን እንግዳ ይሆንበታል፦ የፋይበሩን ኬብል ሲነቅለው አሰላ ተከፈተ፣ መልሶ ሲሰካው ተዘጋ።

ይህ ምልክት ብቻውን በሽታውን ይናገራል። የአሰላው ጥያቄ በሦስተኛው ካርድ በደንብ ይገባል። ሰርቨሩ መልሱን ሲያዘጋጅ ግን ጥያቄው በየት እንደመጣ አይመለከትም፤ የሚመለከተው መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። የአሰላው አድራሻ ከግቢው ክልል ውጭ ስለሆነ «ለቀረው ሁሉ» ይሆንና መልሱ በፋይበሩ ይወጣል፤ ላኪ ሆኖ የተጻፈበት ግን የሌላው አቅራቢ አድራሻ 198.51.100.10 ነው። የራሱ ያልሆነ የላኪ አድራሻ ያለበትን ፓኬት አቅራቢው እንዲያስቀር ከ2000 ጀምሮ የኢንተርኔት የአሠራር ምክር አለ፤ የታሰበው የሐሰት አድራሻ ይዘው የሚመጡ ጥቃቶችን ለመከላከል ነበር። በመካከል አድራሻ የሚቀይር ራውተር ወይም ፋየርዎል ካለም ጥያቄው በእሱ በኩል ስላላለፈ መልሱን አያውቀውም፣ ይጥለዋል። የፋይበሩ ኬብል ሲነቀል ብቸኛው ዲፎልት ራውት የሦስተኛው ካርድ ስለሚሆን መልሱ በመጣበት ይመለሳል።

ስለዚህ ጥፋቱ የየትኛውም አቅራቢ አይደለም። የመሄጃው መንገድ ጤነኛ መሆኑ የመመለሻው መንገድ ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚመረመሩ ናቸው። የዚህ ሙያ ግማሹ ይህን አለመርሳት ነው።

በቅደም ተከተል መመርመር

ሊኑክስ ላይ ምርመራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ካርዶቹ መነሣታቸውና አድራሻቸው ይታያል። እዚህ ላይ ሁለት ካርዶች በአንድ ክልል ውስጥ አድራሻ ይዘው ከተገኙ ያ ሳይስተካከል ሌላ ነገር መንካት አያስፈልግም። በ1989 የወጣው የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች መመሪያ አድራሻን የካርዱ ወይም የኮምፒውተሩ አድርጎ ማየት ሁለቱም እንዲቻል ትቶት ነበር፤ ሊኑክስ የኮምፒውተሩ አድርጎ ያየዋል። በመሆኑም በአንዱ ካርድ አድራሻ ሲጠየቅ በሌላው ካርድ ሊመልስ ይችላል፣ ስዊቹ ላይም ግራ መጋባት ይፈጠራል።

ቀጥሎ «አይፒ ራውት» ተብሎ ሠንጠረዧ ትነበባለች። ሁለት ዲፎልት ራውት አለ? ሜትሪኩ ስንት ነው? ከዚያ ብዙዎች የማይጠቀሙበት፣ ግን ከሁሉ የሚረዳው ትእዛዝ ይመጣል፦ «አይፒ ራውት ጌት»። የአሰላውን አድራሻ መድረሻ፣ 198.51.100.10ን መነሻ አድርገን ስንጠይቀው ሰርቨሩ በየትኛው ካርድና በየትኛው ጌትዌይ እንደሚያወጣው ራሱ ይናገራል። መገመት እዚህ ያበቃል።

የሰርቨሩን ቃል በዓይን ለማረጋገጥ ቲሲፒ ደምፕ አለ። ይህ መሣሪያ በ1988 በአሜሪካው የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የተሠራ ሲሆን በካርዱ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፓኬት በአንድ ረድፍ ያሳያል፦ ሰዓቱ፣ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ የፓኬቱ ዓይነት። ሁለት መስኮት ተከፍቶ በአንዱ ሦስተኛው ካርድ፣ በሌላው ሁለተኛው ይታያል፤ አሰላ ያለው ሠራተኛ በስልክ «አሁን ሞክር» ይባላል። በመጀመሪያው መስኮት የግንኙነት መክፈቻው ጥያቄ ብቅ ይላል። መልስ ሲያጣ ጥያቄው ይደጋገማል፤ የአሰላው ኮምፒውተር ሊኑክስ ከሆነ መጀመሪያ ከአንድ ሰከንድ በኋላ። በዚያው ቅጽበት ሁለተኛው መስኮት ላይ መልሱ በፋይበሩ ሲወጣ ከታየ ነገሩ ተረጋገጠ።

መልሱ ከሁለቱም ካርድ የማይወጣበት ጊዜም አለ። ይህ ሲሆን የሚጠረጠረው አርፒ ፊልተር የሚባለው የሊኑክስ ማጣሪያ ነው። አንድ ፓኬት ሲገባ «ለዚህ ላኪ ብመልስ በዚሁ ካርድ እወጣለሁ ወይ?» ብሎ ሠንጠረዧን ይጠይቃል፤ አልወጣም ካለ ፓኬቱን ዝም ብሎ ይጥላል። ቁጥሩ 1 ሲሆን ጥብቅ ነው፤ 2 ሲሆን በየትኛውም ካርድ የሚመለስበት መንገድ መኖሩ ይበቃዋል፤ 0 ሲሆን አያጣራም። ቲሲፒ ደምፕ ፓኬቱን የሚያየው ከማጣሪያው በፊት ስለሆነ ጥያቄው ሲገባ ይታያል፣ የደረሰበት ግን አይታወቅም። ማጣሪያውን ወደ 2 መለወጥ ጥያቄውን ያስገባዋል እንጂ የመልሱን መንገድ አያስተካክልም።

መልሱ ከሰርቨሩ ሳይወጣ የሚቀርበት ሌላም ምክንያት አለ። ዶከር የሚባለው ሶፍትዌር የተጫነበት ሰርቨር 172.17.0.0/16 የሚባለውን ክልል በራሱ ፈቃድ ይይዛል። የባቱ ቅርንጫፍ ከሰርቨሩ ጋር በውስጥ አድራሻው የሚገናኝና ኔትወርኩም በዚያው ክልል የተዘረጋ ከሆነ፣ ለባቱ የተጻፈው መልስ ወደ ዶከር ይገባና እዚያው ይቀራል። ለድርጅት የውስጥ አገልግሎት የተፈቀዱት የአይፒ ክልሎች በ1996 ሲደነገጉ ሦስት ብቻ ናቸውና እንዲህ ያለ ግጭት ብርቅ አይደለም።

መፍትሔው

ሊኑክስ ከአንድ በላይ ራውቲንግ ቴብል መያዝ ይችላል። ይህ ችሎታ አሌክሴይ ኩዝኔትሶቭ ከጻፈው አይፒራውት2 ጋር በ1999 በወጣው በሊኑክስ 2.2 ለብዙኃን ደረሰ። ለድርጅታችን ሁለት ሠንጠረዦች ይጨመራሉ፦ 101 የፋይበሩን፣ 102 የሌላውን ጌትዌይ ዲፎልት አድርገው ይይዛሉ። ከዚያ ሁለት ደንቦች ይጻፋሉ፦ ላኪው 203.0.113.10 የሆነ ፓኬት ሠንጠረዥ 101ን፣ ላኪው 198.51.100.10 የሆነ ሠንጠረዥ 102ን ይከተል። ከዚህ በኋላ የሚታየው መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ አይደለም፤ በማን አድራሻ እንደሚወጣም ይታያል፣ መልሱም በመጣበት ይመለሳል።

ሁለት ነገር ግን ይቀራል። በትእዛዝ የተጻፈ ሠንጠረዥ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ይህ ማለት ማክሰኞ የተጠገነው ዓርብ ተመልሶ ይበላሻል ማለት ነው፤ ስለዚህ ኡቡንቱ ላይ በኔትፕላን፣ ሬድ ሃት ላይ በኔትወርክ ማኔጀር በቋሚነት መመዝገብ አለበት። ሁለተኛው የመቀያየር ጉዳይ ነው። ፋይበሩ ከግቢው ርቆ ቢቆረጥ በሰርቨሩና በሞደሙ መካከል ያለው ኬብል ደህና ስለሆነ የካርዱ መብራት መብራቱን አያቆምም፣ ሰርቨሩም ከግቢው የሚወጣውን ሁሉ ወደ ሞተው መስመር መላኩን ይቀጥላል። ሩቅ ያለ አድራሻን በየጊዜው በፒንግ እየፈተነ ዲፎልቱን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ወይም ይህን የሚያደርግ ራውተር ያስፈልጋል።

በአዳማ፣ በባቱና በሻሸመኔ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ያላቸው አንድ የአይቲ ባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱ ወይም እሷ ፈቃድ ሲወጡ የሰርቨሩ ዕውቀት አብሮ ይወጣል። የትኛው አድራሻ በየትኛው መስመር እንደሚመልስ፣ ሠንጠረዦቹና ደንቦቹ ምን እንደሚሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ታትሞ ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ቢለጠፍ ለተተኪው ትልቅ ውለታ ነው። ሥራ አስኪያጁም ለሁለተኛ መስመር ውል ከመፈረሙ በፊት ባለሙያውን አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ «ከአሰላ በዚህ መስመር ቢጠሩን በየት በኩል ነው የምንመልሰው?» መልሱ በቃል ብቻ አይበቃም። ሥራ በሌለበት እሑድ ኬብሎቹን በተራ እየነቀሉ ከቅርንጫፍ አስከፍቶ ማየት ይገባል፤ ለሁለት መስመር በየወሩ የሚከፍል ድርጅት ሁለቱም በእርግጥ እንደሚያገለግሉት የሚያውቀው ከዚህ ፈተና በኋላ ነው።