የወቅቱ መጀመሪያ በረዶና ወደ ገደሉ የሚያደርሰው መንገድ

በሀገራችን ከፍተኛ ቦታዎች፥ ለምሳሌ በስሜን ተራራ፥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይጠፋል። ከገደል የሚወርድ ውሃ ረግቶ እንደ ዓምድ ለወራት የሚቆምበት አገርም አለ። ከነዚህም አንዱ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የኒው ሃምፕሸር ግዛት ነው። በዚያ ተራራ ወጪዎች በእጃቸው የበረዶ መጥረቢያ ይዘው፥ በጫማቸው ሥር ባለ ጥርስ ብረት አስረው፥ በእንዲህ ያለው በረዶ ላይ ይወጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወቅቱ በሚጀምርበት በኅዳርና በታኅሣሥ በረዶው ምን ጠባይ እንዳለው፥ ወደ ገደሉ መድረስና መመለስም ለምን ራሱን የቻለ ጥያቄ እንደሆነ ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ እንስማማ። በተለምዶ «በረዶ» የሚለው ቃል ከሰማይ የሚወርደውንም፥ ውሃ ረግቶ የሚሆነውንም ያጠቃልላል። እዚህ ግን በረዶ የምንለው በዓለት ላይ የረጋውን ውሃ ብቻ ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውን ነጭና ልስልስ ነገር አመዳይ እንለዋለን።

ውሃ በረዶ ለመሆን ዜሮ ዲግሪ መድረሱ ብቻ አይበቃውም። አንድ ግራም ውሃ በዜሮ ዲግሪ ላይ እንዳለ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ድረስ 80 ካሎሪ ያህል ሙቀት መልቀቅ አለበት። ስለዚህ በኃይል የሚወርድ ፏፏቴ በጥቂት ቀን ብርድ አይረጋም፤ ከዓለት ስንጥቅ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ግን ቶሎ ይረጋል። በፍራንኮኒያ ኖች ሸለቆ የሚገኘው የካነን ገደል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በገደሉ ውስጥ እንደ ደም ሥር የገባ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ስሙም ብላክ ዳይክ ይባላል። ስፍራው ጥላ የማይለየው ስለሆነና ውሃውም በቀስታ ስለሚወርድ፥ በአካባቢው ካሉት ረጃጅም መውጫዎች አስቀድሞ የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። ጆን ቡሻርድ በዲሴምበር 1971 ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወጥቶታል።

ይሁን እንጂ በረዶው መታየቱ ለመውጣት ብቁ መሆኑን አያረጋግጥም። በወቅቱ መጀመሪያ ዓለቱ በሞቃቱ ወራት ያከማቸው ሙቀት ገና አልወጣለትም። በዚህ ምክንያት በረዶው ከፊቱ ወፍራም መስሎ ሳለ፥ ከጀርባው ውሃ እየሮጠ ከዓለቱ ጋር ሳይያያዝ ሊቆም ይችላል። በመጥረቢያ ሲመቱት እንደ ከበሮ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ነው። ተራራ ወጪው እንዳይወድቅ ገመዱን የሚያያይዝባቸው የበረዶ ብሎኖች ደግሞ ከ10 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ በ5 ሴንቲ ሜትር በረዶ ውስጥ የሚገባ አስተማማኝ ብሎን የለም። ስለዚህ በስስ በረዶ ላይ የሚወጣ ሰው ገመድ ቢኖረውም እንዳልታሰረ ይቆጠራል።

ብርዱ በጠና ቁጥር በረዶው ይጠነክራል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ብርድ በድንገት ሲበረታ በረዶው ይኮማተራል፤ ከላይና ከታች የተያዘ ዓምድ በዚህ ጊዜ ስለሚወጠር በአንድ የመጥረቢያ ምት ሊሰነጠቅ ይችላል። በተቃራኒው በኅዳር ወር ዝናብ ቢዘንብ ውሃው ከበረዶው ጀርባ ገብቶ ከዓለቱ ያላቅቀዋል። ከሁሉም የሚሻለው በመጠኑ የቀዘቀዘና ለብዙ ቀናት ሳይለዋወጥ የቆየ አየር ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ዓለቱንም ይፈለቅቃል። በዚያው በካነን ገደል ላይ የነበረውና የግዛቱ ምልክት የሆነው፥ የሽማግሌ ፊት የሚመስለው ዓለት በሜይ 3 ቀን 2003 የተናደው፥ ውሃ በስንጥቁ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲረጋና ሲቀልጥ ስላላላው ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ በረዶው ነው። መንገዱስ? ወደ ብላክ ዳይክ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ከገደሉ ሥር የተከመረውን ትልልቅ ድንጋይ ማለፍ አለበት። በወቅቱ መጀመሪያ ስስ አመዳይ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጉድጓድ ይሸፍነዋል እንጂ አይሞላውም፤ እግር የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። በክሮፎርድ ኖች ወደሚገኘው የፍራንከንስታይን ገደል የሚወስደው መንገድ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለሚያልፍ፥ ባቡሩ የሚሠራበትን ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ የደን መንገዶችም በብርድ ወራት አመዳዩ ስለማይጠረግላቸው ለመኪና ዝግ ይሆናሉ፤ በመኪና የታሰበው ጉዞ በእግር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ ቀኑ አጭር ነው፤ በኅዳር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የዋሽንግተን ተራራ ነው። ቁመቱ 1,917 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከኛ ተራሮች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በኤፕሪል 12 ቀን 1934 በጫፉ ላይ የተለካው ነፋስ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። በምሥራቅ በኩል ያለው የሀንቲንግተን ሸለቆ በበረዶ የሚሞሉ ብዙ ፈፋዎች አሉት። በወቅቱ መጀመሪያ ነፋሱ አመዳዩን ጠርጎ በእነዚሁ ፈፋዎች ውስጥ ያከማቸዋል። ስለዚህ ሌላው ተራራ ገና ራቁቱን ሳለ ፈፋው ናዳ ሊጥል ይችላል፤ «አመዳዩ ገና ትንሽ ነው» የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ የሚያታልለውም በዚህ ነው።

በጃንዋሪ 1982 የደረሰው አደጋ፥ ምንም እንኳ በብርዱ ወራት አጋማሽ ቢሆን፥ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የ17 ዓመቱ ሂዩ ኸርና ጓደኛው በዚያው ሸለቆ ኦዴልስ የሚባለውን ፈፋ በደኅና ወጡ። በረዶው አልከዳቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጫፉ ሲያመሩ ዐውሎ ነፋስ ያዛቸው፤ መንገድ ስተውም በተራራው ሌላ ወገን ወረዱ። ከቀናት በኋላ በሕይወት ተገኙ፤ ኸር ግን ሁለት እግሮቹን ከጉልበቱ በታች አጣ። በኋላም የሰው ሠራሽ እግር ተመራማሪ ሆነ። ሊፈልጋቸው የወጣው የ28 ዓመቱ አልበርት ዳው ደግሞ በአመዳይ ናዳ ሞተ። እንግዲህ የአንድ ሰው የመንገድ ስሕተት የሚከፈለው በእርሱ ብቻ አይደለም። የኒው ሃምፕሸር ሕግም በቸልተኝነት ለአደጋ የተጋለጠ ሰው የፍለጋውን ወጪ እንዲከፍል ሊያስገድደው ይችላል፤ የሞተውን ሰው ግን የሚመልስ ሕግ የለም።

በወቅቱ መጀመሪያ ተራራ ወጪዎች እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት «በረዶው ረግቷል ወይ?» እያሉ ነው። ከላይ እንዳየነው ግን ይህ አንድ ጥያቄ ሦስት ነው፦ በረዶው ከዓለቱ ጋር ተያይዟል ወይ? ከጀርባው ያለው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሶ መመለስ ይቻላል ወይ? ሁለቱን በገደሉ ሥር ቆሞ በመጥረቢያ መርምሮ ማወቅ ይቻላል። ሦስተኛው ግን መልስ የሚያገኘው ከቤት ሳይወጡ፥ በካርታ፥ በሰዓትና በአየር ጠባይ ወሬ ነው። በረዶው ቢከዳ ገመድ ሊይዝ ይችላል፤ መንገዱ ሲከዳ የሚይዝ ገመድ የለም።