ስለ ልጆችና ስለ ወጣቶች ፊልሞች የአንድ ተመልካች አስተያየት

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ስለ ፊልምም የምናምንበት ይመስላል። ብዙ ወላጅ ልጆቹን ወደ ሲኒማ ቤት ያስገባና ራሱ በውጭ ቡናውን እየጠጣ ይጠብቃቸዋል፤ በቤትም እንደ ሆነ ቴሌቪዥኑን ከፍቶላቸው ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህም በሥዕል የተሠራ ፊልም የልጆች መጫወቻ እንጂ የዐዋቂ ጉዳይ አይደለም ከማለት የመጣ ነው። እኔ በበኩሌ ዕረፍት ባገኘሁ ጊዜ ፊልም የማይ ተራ ተመልካች ነኝ እንጂ የሙያው ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት ከወጡት ጥቂቶቹን ከተመለከትሁ በኋላ፣ ከልጆች ይልቅ ወላጆች ሊያዩአቸው የሚገቡ መሆናቸውን ለክቡራን አንባቢዎች ለማስረዳት እወዳለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሊጠቀስ የሚገባው ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2015 ዓ.ም. ያወጣው «ኢንሳይድ አውት» ነው። የ11 ዓመት ልጅ የሆነችው ራይሊ፣ ወላጆቿ ከሚኒሶታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲዛወሩ ጓደኞቿንና የለመደችውን ቤት ትታ ትሄዳለች። በአእምሮዋ ውስጥ ያሉት ደስታ፣ ኀዘን፣ ቍጣ፣ ፍርሃትና መጸየፍ እንደ ሰው አካል ለብሰው ይታያሉ። ደስታ፣ ኀዘንን ከሥራ ለማራቅ ብዙ ትደክማለች፤ በመጨረሻ ግን ልጅቱ እረፍት ያገኘችው እያለቀሰች ናፍቆቷን ለወላጆቿ በነገረቻቸው ጊዜ ነው። በሥራ ዝውውር ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ፊልም ቢያይ መልካም ነው። የቤቱ ዕቃ በጭነት መኪና ሲጫን የልጁ ኀዘን ወዴት እንደሚጫን የሚያስብ ጥቂት ነውና። እኛም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እያልን ስንገሥጽ ኀዘኑን ከልጁ አናርቀውም፤ ከእኛ እንዲሰውረው እናስተምረዋለን እንጂ።

በ2024 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ክፍል ራይሊን በ13 ዓመቷ ያሳያል። አሁን ጭንቀት፣ ቅናት፣ ኀፍረትና መሰልቸት ተጨምረዋል። ፊልሙ በዓለም ሲኒማ ቤቶች ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገባም፣ ባለታሪኮቹ ስለበዙ እንደ ፊተኛው ልብን አይነካም። ነገር ግን ጭንቀት ልጅቱን ትንፋሽ እስኪያሳጥራት ድረስ ሲገዛት የሚታየው ክፍል እውነተኛ ነው፤ ወላጅም ልጁ «ምንም አልሆንሁም» ሲለው ምን እንደሚደብቅ ሊረዳበት ይችላል።

በዚሁ ዓመት የወጣው «ዘ ዋይልድ ሮቦት» ደግሞ ስለ እናትነት ይናገራል። ሮዝ የተባለችው ሮቦት ሰው በሌለበት ደሴት ወድቃ፣ ሳታውቅ የዝይ ጎጆ ታፈርሳለች፤ የተረፈውንም ጫጩት መዋኘትና መብረር እያስተማረች ታሳድጋለች። ፊልሙ የጫጩቱ ወላጆች እንዴት እንደሞቱ አይደብቅም፤ ክብሩም በዚህ ነው።

ሁለቱ ፊልሞች በ2025 ዓ.ም. ለኦስካር ሽልማት ሲወዳደሩ ግን የበለጣቸው «ፍሎው» የተባለ የላትቪያ ፊልም ነው። የጊንትስ ዚልባሎዲስ ሥራ ሲሆን፣ የተሠራውም ብሌንደር በሚባል ማንም በነፃ በሚያገኘው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። አንዲት ድመት ከጥፋት ውሃ ለማምለጥ ከውሻ፣ ከወፍና ከሌሎችም እንስሳት ጋር በአንድ ጀልባ ትጓዛለች። በፊልሙ ውስጥ አንድም ቃል አይነገርም። ስለዚህ የማንኛውም ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ ልጅ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፤ አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰውም ቢሆን ከቃል በፊት ዓይንና አኳኋን እንደሚናገሩ ያይበታል። በመጨረሻ ውሃው ሲጎድል ድመቷ ትድናለች፤ ግን በደረቅ ምድር የቀረው ታላቅ የባሕር እንስሳ ያሳዝናል። የአንዱ መዳን የሌላው ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ይህን ያህል በጸጥታ የነገረኝ ፊልም አላየሁም።

ለጎልማሳ ወጣቶች የሚሠሩት ፊልሞች ግን እንደዚህ ሁልጊዜ እውነትን አይደፍሩም። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው «ዳይቨርጀንት» ሰዎችን በአምስት ወገን ከፍሎ ጀግናይቱን ከሁሉ የተለየች ያደርጋታል። ወጣት ተመልካች ግን እርሱ የተለየ፣ ሌላው ሁሉ ዕውር መሆኑን ቢማር ምን ይጠቅመዋል? ተከታታዩም በ2016 ዓ.ም. ሦስተኛው ክፍል ከወጣ በኋላ ሳይፈጸም ቀርቷል።

ከዚህ የሚሻለው ከ«ዘ ሀንገር ጌምስ» ተከታታይ በ2023 ዓ.ም. የወጣው «ዘ ባላድ ኦፍ ሶንግበርድስ ኤንድ ስኔክስ» ነው። ኮሪዮሌነስ ስኖው የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በኋላ እንዴት ጨካኝ ገዥ እንደሚሆን ያሳያል። በመጀመሪያ የሚወዳትን ለማዳን ደንብ ይጥሳል፤ ቀጥሎ ወዳጁን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱም በቂ ምክንያት አለው። ሌባው ሊሰቀል ሲል እናቱን «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ያላት ተረት እነሆ በዚህ ፊልም ይታያል። ግድያ የበዛበት ስለሆነ ግን ለትንንሽ ልጆች አይስማማም።

እንግዲህ ለልጅ የሚሆነው ፊልም ኀዘንና ክፋት የሌለበት ሳይሆን፣ ኀዘኑን ሳይዋሽ የሚያሳይ ነው። ነገር ግን ልጅ የሚያስፈራውን ብቻውን ካየ ብቻውን ይሸከመዋል። ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ ቡናህን ጨርሰህ ግባ፤ ከአጠገቡም ተቀመጥ። ፊልሙ ሲያልቅ «ወደድኸው?» ብለህ አትለፈው፤ «የቱ ላይ አዘንህ?» ብለህ ጠይቀው፤ መልሱንም ሳታቋርጥ ስማው።