ሰነድ አስገቢውና የሰርቨሩ ቁልፍ

አንድ ነጋዴ ዕቃ ለሚያራግፉለት ተሸካሚዎች ሁሉ የመጋዘኑን ቁልፍ አያድልም። ዕቃ የሚያስገባ፣ ዕቃ የሚቈጥርና ዕቃ የሚያወጣ ሰው ሥልጣኑ የተለያየ መሆኑን ማንኛውም ባለሱቅ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ የንግድ ሰነዶቹን ወደሚያኖርበት ሰርቨር ሲመጣ ቁልፉን ለሁሉ ሰጥቶ ይገኛል። ስለዚህ ለተጠቃሚዎች ፋይል የማስገባት ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ አስመጪና ላኪ ቀድሞ በወረቀት ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይዞት ይዞር የነበረውን ሰነድ በኢንተርኔት የሚያቀርብበት መንገድ ተከፍቷል። በዚህም ምክንያት ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝርና ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው የጭነት ሰነድ በፋይል መልክ ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው ቤት መላኩ የዘወትር ሥራ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጸሐፊነት የሚያገለግልበት በአዳማ የሚገኝ የንግድ ቤት፣ የሻሸመኔ፣ የባቱና የሞጆ ሠራተኞቹ ሰነድ የሚያስገቡበት አንድ ሰርቨር ተከራይቶ ነበር። ሠራተኞቹ «ፋይል አልገባ አለን» እያሉ ስሞታ ቢያበዙ፣ ሰርቨሩን ያቋቋመው ባለሙያ ለጋራው ማኅደር 777 የተባለውን ፈቃድ ሰጠ። ስሞታውም በዚያው ዕለት ቆመ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የባቱው ሠራተኛ ማኅደሩን አጸዳለሁ ብሎ የሞጆውን ኢንቮይስ ሰረዘ። ሻጩ ሰነዱን ዳግመኛ እስኪልክ ድረስ ትራንዚተሩ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ኮንቴይነሩም በሞጆ ደረቅ ወደብ አራት ቀን ቆየ፤ የማከማቻው ሂሳብ በአሠሪያችን ላይ ወደቀ። ሠራተኛው ክፉ አላሰበም፤ ጥፋቱ የማያስፈልገው ሥልጣን ለእርሱ መሰጠቱ ነበር።

ለመሆኑ 777 ምን ማለት ነው? በሊኑክስ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ፈቃድ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይቈጠራል። ሦስቱ ሲደመሩ 7 ይሆናሉ። የመጀመሪያው አኃዝ የባለቤቱን፣ ሁለተኛው የቡድኑን፣ ሦስተኛው የሌላውን ሰው ሁሉ ፈቃድ ያመለክታል። ለማኅደር ሲሆን ማንበብ የፋይሎቹን ስም ዝርዝር ማየት፣ ማስኬድም ወደ ውስጥ መግባት ነው። መጻፍ ግን፣ የመግባት ፈቃድ ሲጨመርበት፣ አዲስ ፋይል ማስገባት ብቻ ሳይሆን ሌላው ያስገባውን መሰረዝም ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይኑረው።

ሁለተኛ፣ ለየቅርንጫፉ ሠራተኛ የተለየ ማኅደር ተከፍቶ 750 ይደረግ፤ ሠራተኛው ያስገባል፣ ዋናው ቤት በቡድንነቱ ያነባል፣ ሌላው አይገባም።

ሦስተኛ፣ የጋራ ማኅደር የግድ ቢያስፈልግ ከፊቱ 1 ተጨምሮ 1770 ይደረግ፤ ያን ጊዜ ከሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ በቀር ፋይሉን መሰረዝ የሚችሉት የፋይሉና የማኅደሩ ባለቤቶች ብቻ ይሆናሉ።

አራተኛ፣ ፋይሉ በድረ ገጽ በኩል የሚገባ ከሆነ፣ ማኅደሩ ለሕዝብ ከሚታዩት ገጾች ውጭ ይቀመጥ፤ ሰርቨሩም በዚያ ያለውን ፋይል እንደ ፕሮግራም እንዳያስኬድ ይደረግ። ተንኮለኛ ሰው ደረሰኝ አስመስሎ ፕሮግራም ሊያስገባ ይችላልና። በፒኤችፒ የተጻፈን ፕሮግራም ሰርቨሩ አንብቦ ብቻ ሊያስኬደው ስለሚችል፣ ከፋይሉ ላይ 1ን ማንሳት ብቻውን አይበቃም።

ፋይል አልገባ ባለ ጊዜም ወደ 777 ከመሮጥ በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባል። 403 የሚል ቁጥር ቢወጣ መከልከልን ያመለክታል፤ 413 ቢወጣ ግን ፋይሉ ከተወሰነው መጠን በላይ ነው ማለት ነው። ኤንጂንኤክስ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም መጠኑ ካልተለወጠለት በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፤ በስካነር የተነሣ ባለብዙ ገጽ ሰነድም ይህን በቀላሉ ያልፋል።

ነጋዴው እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ማጥናት አያሻውም። ባለሙያውን አስጠርቶ «ማን ያስገባል? ማን ያያል? ማን ይሰርዛል?» ብሎ ይጠይቅ። ለሦስቱም ጥያቄ «ሁሉም» የሚል መልስ ቢሰማ፣ የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ይቍጠረውና ሳይውል ሳያድር ያስዘጋው።