የማሸጊያው ሥዕል የማን ነው?

የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬ በአብዛኛው ገበያ የሚወጣው በጆንያ ነው። ፈጭቶና አሽጎ በራሱ ስም ለመሸጥ የተነሳ ነጋዴ ግን አርማና የማሸጊያ ሥዕል ያስፈልገዋል። በኮምፒውተር የሚሥል ተማሪ በአነስተኛ ዋጋ ይሠራለታል፤ ለተማሪውም የመጀመሪያ ገቢው ይሆናል። ክርክሩ የሚነሳው ያለ ውል የተሠራው ምልክት ገበያ ሲያገኝ ነው።

በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ ያዘዘው ሰው ነው። የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ መብት ግን ከተማሪው ጋር ይቀራል። ተማሪው በየኅትመቱ እንዲከፈለው ወይም ሥዕሉን ለሌላ ደንበኛም ለመሸጥ ከፈለገ አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል ይኖርበታል።

ነጋዴውም ስለከፈለ ብቻ ምልክቱ ተጠበቀለት ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ሲሆን፣ ምዝገባው ለ7 ዓመት ጸንቶ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

ከውሉ ጋር የሚታረመውን ዋና ፋይል መረከብም ይገባል። ፋይሉ በተማሪው እጅ ብቻ ከቀረ፣ በማሸጊያው ላይ የኪሎውን መጠን ለመለወጥ እንኳ ሥዕሉን እንደ አዲስ ማሠራት ይመጣል።