የሕፃናት የአእምሮ ጤና፤ ከዐመልና ከእብደት መካከል

ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ በዝምታ የሚቀመጥ፣ የትምህርት ሰዓት በደረሰ ቍጥር ሆዴን አመመኝ እያለ የሚያለቅስ ሕፃን በቤት ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ፣ በአራዳ ሰፈር ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረ ነው። ሕመሙ እስኪጸና ድረስ ብዙ ጊዜ እንደ ክፉ ዐመል ይቈጠርና በተግሣጽና በልምጭ ሊታረም ይሞከራል፤ ከጸና በኋላ ግን የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ይባልና፣ ወር በገባ በ23 እናቲቱ ልጇን በነጠላዋ ከልላ፣ ጧፍ ይዛ፣ የጊዮርጊስን ደጅ ትጠናለች። ከዚህም ካለፈ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተቋቋመውና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሐኪም ቤት ሆኖ የኖረው አማኑኤል ይነሣል፤ ስሙ ከእብደት ጋራ ብቻ ሲጠራ ስለ ኖረ ግን ቤተ ሰቡ ልጁን ወደዚያ መውሰድን እንደ ውርደት ያየዋል።

በዐመልና በእብደት መካከል ያለው ጭንቀት፣ ፍርሃትና ድባቴ እንዲህ ባለቤት ሳያገኝ ኖረ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከአእምሮ ሕመሞች እኩሌታው እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ድረስ ይጀምራሉና ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ቍጥሩን ለማወቅም ተሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአምቦ ጥናት ከመቶ ሕፃናት ወደ 18 ያህሉን፣ በ2001 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ግን ከ4 የሚያንሱትን ችግር አለባቸው ብሏል፤ የፊተኛው ወላጆች ባስተዋሉት ምልክት፣ የኋለኛው በምርመራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ቆመ ልዩነቱ ሰፋ።

ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቀው ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል በነበረው በየካቲት 12 ሆስፒታል፣ የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በዚህና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የእድገት እክል ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች የሆኑ 102 ሰዎች ተጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት እኩሌታ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። በወንጌል የተጻፈው የቤተ ሳይዳው መፃጉዕ 38 ዓመት የተኛው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አጥቶ እንደ ነበር የሚያውቅ ምእመን፣ ሕፃኑን ስለ እፍረት ብሎ ከሐኪም ሲያስቀረው ማየት እጅግ ያሳዝናል።

ሌላው ዕንቅፋት ጠበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚለው ሐሳብ ነው፤ ይህን ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ አላጸናችውም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ የተያዙ ምእመናን ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ያ ምክር ለአእምሮ ሕመምም ይገባል። እንግዲህ ካህኑ ካጠመቀ በኋላ ወደ ሐኪምም ውሰዱት ይበል፤ መምህሩ ዝም ያለውን ልጅ ከሚረብሸው እኩል ያስተውል፤ ሕፃኑም ፍርሃቱንና ኀዘኑን በስሙ ጠርቶ መናገርን ፊደል በሚቈጥርበት ዕድሜ ይማር፤ ወላጅም ምን አጠፋህ ከማለቱ በፊት ምን ሆንህ ብሎ ይጠይቀው።