ጠፈር የሚወጣውን ማን ይቆጣጠረው?

ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንወርድ አፍንጮ በር ላይ ዘወር ብለን ሽቅብ ብንመለከት የእንጦጦ ተራራ ይታየናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የተተኮሰችው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት መልእክቷን ታወርድ የነበረው እዚያ ወደ ቆመው ጣቢያ ነው። በቀደም በዚሁ ሰፈር ሻይ ይዘን ስለ ጠፈር ነጋዴዎች ስንከራከር አንድ ጓደኛችን፥ «ሀብታም በገንዘቡ ጠፈር ሄዶ ቢሞት እኛን ምን አገባን?» አለ። ነገሩ የዋዛ አይደለም፤ የአሜሪካ ሕግም በግማሹ ይስማማዋል።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ ገና በመፈተን ላይ ላለ የግል ሮኬት «የሙከራ ፈቃድ» የሚባል ነገር ተፈጠረ። በዚህ ፈቃድ እያስከፈሉ ሰው ማሳፈር አይቻልም። ፈቃድ ሰጪው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በተለይ የሚመረምረው በምድር ያለው ሰውና ንብረት እንዳይጎዳ ነው። ስለ ተሳፋሪው ደኅንነት ግን፥ ሞት ወይም ከባድ አደጋ ካልታየ በቀር፥ ደንብ እንዳያወጣ ያው ሕግ እጁን አስሮታል። ከፋዩ መንገደኛ አደጋው ይነገረዋል፤ ይፈርማል፤ በቃ። እገዳው ለ8 ዓመት ነው ተብሎ ነበር፤ እየተራዘመ እስከ ታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ደርሷል። ምክንያቱ «ሥራው ገና ጨቅላ ነው» የሚል ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ጨቅላ!

ጥቅምት 21 ቀን 2007 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በረሃ በዚሁ ፈቃድ ይበር የነበረው ስፔስሺፕቱ አየር ላይ ተበታትኖ ረዳት አብራሪው ሞተ። መቆለፊያ ያለጊዜው ከፍቶ ነበር። መርማሪዎቹ ግን በሟቹ ላይ ብቻ አልፈረዱም፤ አንድ ሰው ቢሳሳት ምን ይመጣል ብሎ ያላሰበውን ሠሪ ኩባንያ ወቀሱ፤ የፈቃድ ሰጪውንም አሠራር ነቀፉ።

እኛስ? እኛ በምድር ካሉት ወገን ነን። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ፥ ሙኩኩ በምትባል መንደር፥ 500 ኪሎ ያህል የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወደቀ። እግዚአብሔር ሲጠብቅ ሰው አልነካም። በ1959 ዓ.ም. አገራችንም የፈረመችው የጠፈር ውል፥ የግል ኩባንያ በጠፈር ለሚሠራው ሁሉ ኃላፊው መንግሥቱ ነው፤ ሊፈቅድለትና ዘወትር ሊቆጣጠረው ይገባል ይላል። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የካሣ ውል ደግሞ በምድር ላይ ለደረሰ ጉዳት አስወንጫፊው አገር፥ ጥፋት ባይገኝበትም፥ ይከፍላል ይላል። አስወንጫፊ ማለትም የተኮሰው ብቻ ሳይሆን ያስተኮሰውም ጭምር ነው። በዚህ ትርጓሜ ያቺ የእንጦጦዋ ሳተላይት እኛንም ከአስተኳሾች ትቆጥረናለች።

ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀምጦ፥ «የወደቀው ብረት የማን እንደሆነ ባይታወቅስ?» ሲል ጠየቀ። እንግዲያው ካሣ የለም፤ ባለቤቱን ፈልጎ ማግኘት የተጎዳው አገር ፋንታ ነው።