የታመመ መገጣጠሚያ በዕረፍት ብቻ አይድንም

በአገራችን ሰው ሲታመም ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ማስታመሙ የቈየ መልካም ልማድ ነው። ጕልበታቸውን ወይም ዳሌያቸውን የታመሙ እናት ከመኝታቸው ለመነሣት ሲሞክሩ ልጆቻቸው ፈጥነው «ተዉ፥ እማማ፥ አይነሡ፤ የሚፈልጉትን እኛ እናቀርብልዎታለን» ይሏቸዋል። ይህ ቃል ከፍቅር የመጣ መሆኑ አይጠረጠርም። ነገር ግን በመገጣጠሚያ ሕመም ላይ እንዲህ ያለው ርኅራኄ ብዙ ጊዜ ጕዳት ያመጣል። ምክንያቱን በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እንገልጻለን።

ሕዝባችን ቁርጥማት እያለ በአንድ ስም የሚጠራው ሕመም በእውነቱ ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው በዕድሜ፥ በውፍረት፥ በከባድ ሥራ ወይም በአሮጌ ጕዳት ምክንያት መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ የሚጐዳበት ነው። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ ኀይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ነው። ሦስተኛው በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚነሣው ሪህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2019 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ዓይነት ብቻ የተያዘው ሰው 528 ሚሊዮን ያህል ነበር።

ሁለት ዐጥንቶች በሚገናኙበት ስፍራ ጫፎቻቸው ልም ዐጥንት በሚባል ለስላሳ ሽፋን የተሸፈኑ ናቸው። ይህ ሽፋን የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ምግቡን በብዛት የሚያገኘው መገጣጠሚያውን ከሚያረጥበው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹም በልም ዐጥንቱ ውስጥ በደንብ የሚመላለሰው ሰው ሲራመድ፥ ሲቀመጥና ሲነሣ መገጣጠሚያው እየተጫነና እየተለቀቀ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ይህም በውሃ የተነከረ ሰፍነግ ሲጨምቁት ውሃውን እንደሚተፋ፥ ሲለቁትም መልሶ እንደሚጠጣ ያለ ነው። እንግዲህ ሳይንቀሳቀስ የሚውል መገጣጠሚያ ምግቡ ይጐድልበታል፤ ጅማቱ ያጥራል፤ ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻም ይሟሽሻል።

ሐኪሞችም ራሳቸው ይህን የተረዱት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የነበረው ስመ ጥሩ ሐኪም ሂዩ ኦወን ቶማስ፥ የታመመ መገጣጠሚያ ረዥምና ያልተቋረጠ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብሎ ያስተምር ነበር። ከእርሱም በኋላ ለብዙ ዘመን ሕመምተኞች በአልጋ ላይ ሰንብተዋል። በካናዳ የቶሮንቶው ሐኪም ሮበርት ሶልተር ግን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥንቸሎች ላይ ባደረገው ምርመራ፥ የተጐዳ ልም ዐጥንት ታስሮ ከሚቀመጥ ይልቅ ያለ ማቋረጥ በቀስታ ሲንቀሳቀስ በተሻለ ሁኔታ እንደሚሽር አሳየ።

ልም ዐጥንቱ ፈጽሞ ላለቀበት ሰውም የቀዶ ሕክምና ጥበብ ተስፋ አምጥቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በራይቲንግተን ሆስፒታል ሰው ሠራሽ ዳሌ መትከል በጀመረ ጊዜ ማቀፊያውን የሠራው ቴፍሎን ከሚባለው ነገር ነበር። ይህም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፍቆ እያለቀ ሕመምተኞቹን ለሌላ ቀዶ ሕክምና ዳረጋቸው። ቻርንሊ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በኅዳር ወር 1962 እ.ኤ.አ. ማቀፊያውን ፖሊኤቲሊን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ መሥራት ጀመረ። የዛሬው የዳሌ ምትክ መሠረቱ ይህ ነው። ስለ ጕልበት ምትክ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከመቶው 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግል ገምቷል።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ ሥራውን የሚፈጽመው በጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረው የብዙ ወራት ሥራ የሕመምተኛውና የአስታማሚው ነው። ዛሬ ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ በተቀደደበት ዕለት ወይም በማግሥቱ ተደግፎ እንዲቆም ይደረጋል። ይህም ጡንቻውን ከማበርታቱ በላይ ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል። ጕልበቱ የተቀየረለት ሰው እግሩን ፈጽሞ መዘርጋትና ማጠፍ ይለማመዳል። ለጊዜው ስለሚያሳርፈው ብቻ ከጕልበቱ ሥር ትራስ ማድረግ አይገባም፤ እንደ ታጠፈ ሊቀር ይችላልና። ዳሌው የተቀየረለት ሰው ደግሞ ሐኪሙ በወሰነለት ጊዜ ውስጥ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ከመቀመጥ፥ ቁጢጥ ከማለትና እግሩን ከማነባበር ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከፍ ያለ መቀመጫ፥ ለመጸዳጃም ጭምር፥ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። ቍስሉ መግል ቢያወጣ፥ ትኵሳት ቢነሣ፥ ባት ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል።

ቀዶ ሕክምና ለማያስፈልገው ወይም አቅሙ ለማይፈቅድለት ሰው ሦስት ነገሮች ይጠቅሙታል። አንደኛ፥ በወንበር ተቀምጦ እግሩን ቀጥ አድርጎ በመዘርጋት እስከ አምስት ከቈጠረ በኋላ ቀስ ብሎ ያውርድ፤ ይህንንም በየቀኑ ዐሥር ዐሥር ጊዜ ይደጋግም። በማግሥቱ ሕመሙና እብጠቱ ቢብስበት ልምምዱን ይቀንስ እንጂ አይተው። ሁለተኛ፥ ውፍረት ካለበት ይቀንስ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ ከሰውነት የሚቀነስ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጕልበት ላይ የአራት ኪሎ ያህል ጫና ያቃልላል። ሦስተኛ፥ ከዘራውን ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጁ ይያዝ። ብዙ ሰው በታመመው ወገን ይይዛል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው።

እንቅስቃሴ ይበጃል ስንል ሁሉን ሕመም በእንቅስቃሴ ብቻ እናድን ማለታችን አይደለም። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ቢግልና ትኵሳት ቢጨመርበት በውስጡ መግል ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ በወጌሻ እጅም አይታሽ። የጣት መገጣጠሚያዎቹ ጧት ጧት ለረዥም ጊዜ ተሳስረው የሚቈዩበት ሰው፥ ጣቶቹ ሳይጣመሙ በፊት ቶሎ ይመርመር። ለዚህ በሽታ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ በየቀኑ ቢወሰድ ሕይወት ያጠፋል።

መምህራን ሆይ፥ በተለይ ይህን ልብ በሉ፤ ጕሮሮውን ታሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጕልበቱን፥ ቀጥሎም ክርኑን ወይም ቍርጭምጭሚቱን የሚያመው ተማሪ ቢኖር ነገሩን እንደ ተራ ቁርጥማት አትመልከቱት። ይህ ልብን የሚጐዳው የሩማቲክ ትኵሳት ሊሆን ይችላልና ወላጆቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

በቤታችሁ ጕልበታቸውን የታመሙ አረጋዊ ቢኖሩ ደግሞ እንደ ልማዳችን «አይነሡ» አትበሏቸው። ሐኪም በፈቀደው ልክ «ይደገፉኝ፥ አብረን እንራመድ» በሏቸው። ዛሬ ከአልጋ እስከ ደጃፍ፥ ነገ ከደጃፍ እስከ አጥር በር ቢደርሱ፥ ይህ ራሱ መድኀኒት ነው።